የረቂቃን ዝምድና

የአንድን ነገር ስም ማወቅና ነገሩን ማወቅ ለየብቻ ናቸው። ወደ ሠርግ ቤት ለገባ እንግዳ ከበር እስከ ጓዳ የተቀመጡትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ቢነግሩት፥ ነገር ግን ማን የማን አባት፥ ማን የማን አማች፥ ማን የማን የክርስትና ልጅ እንደ ሆነ ባይነግሩት፥ ስሙን ሁሉ ተሸክሞ ቤተሰቡን ሳያውቅ ይወጣል። ይህን የምንለው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኛው ራሳችን ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቻችንን እንዲህ ወዳለው ሠርግ ቤት እያስገባን ስም ብቻ አሸክመን ስናስወጣ ስለ ኖርን፥ ነገራችንን ጥፋታችንን በመናገር ለመጀመር ብለን ነው።

የምናስተምረው በአርባ ምንጭ ከተማ፥ በላይኛው ሰፈር በሴቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ያያል፤ በአንድ ወገን ውሃው ወደ ቀይ የሚያደላው አባያ፥ በሌላው ወገን ሰማያዊው ጫሞ፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለው ጋራ ተጋድሞ ይታያል። የዕለቱ ትምህርት ፊዚክስ፥ ርእሱም የቁስ አካል የመጨረሻ ረቂቃን ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ዐሥራ ሰባት ስሞች ጻፍን፤ ስድስት ኳርክ፥ ስድስት ሌፕቶን፥ ኃይልን የሚያደርሱ አራት፥ በመጨረሻም ሒግስ የተባለው አንዱ። በየስሞቹም አጠገብ ቁጥሮቻቸውን አሰፈርንና «ገልብጣችሁ በቃላችሁ ያዙ» አልን።

በዚህ ጊዜ ከኋለኛው ወንበር አንድ ተማሪ፥ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ፥ እጁን አውጥቶ ተነሣና «መምህር፥ እነዚህ ለእርስ በርሳቸው ምናቸው ናቸው?» ብሎ ጠየቀን። ጓደኞቹ ሣቁ። እኛም መልሱ በእጃችን ስላልነበረ አለማወቃችንን በቍጣ ሸፈንነውና «ለፈተና የሚፈለገው ስማቸው ነው፤ ተቀመጥ» አልነው። ተቀመጠ። ከዚያች ቀን በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ለአንድ አስተማሪ ከዚህ የከበደ ኪሣራ መኖሩን አናውቅም።

ይህ ጽሑፍ በዚያን ቀን ለዚያ ልጅ ልንሰጠው ይገባን የነበረው መልስ ነው። ዘግይቷል፤ ነገር ግን ዕዳ በመዘግየቱ አይሰረዝም። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ፥ በማስተማርም ሆነ በመማር ላይ የምትገኙ አንባብያን ሁሉ አብራችሁን እንድትሰሙት እንለምናለን። ዓመታቱን በምንጠቅስበት ጊዜ ሁሉ የምንከተለው የአውሮፓውያንን አቈጣጠር ነው።

ከሚታየውና ከሚዳሰሰው እንነሣ። ጥቂት ባዘቶ ወስደን እየከፈልን፥ የተከፈለውንም ደግመን እየከፈልን ብንሄድ፥ በመጨረሻው የምንደርሰው በሦስት ዓይነት አቶሞች ላይ ነው፤ እነርሱም ካርቦን፥ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ናቸው። አቶም ማለት በግሪክ ቋንቋ የማይከፈል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስም ከ1897 ወዲህ ስም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን በኬምብሪጅ ኤሌክትሮን የተባለውን ከአቶም እጅግ የቀለለ ረቂቅ አገኘ። በ1911 ኧርነስት ራዘርፎርድ የአቶም ክብደት ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን ኒውክለስ በተባለው ጠባብ እምብርት ውስጥ እንደ ተከማቸ አስረዳ። በ1932 ደግሞ ጄምስ ቻድዊክ በእምብርቱ ውስጥ ከፕሮቶን ጋር ኒውትሮን የሚባል ሁለተኛ ነዋሪ መኖሩን ገለጠ። እምብርቱ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ለመገመት፥ አቶሙ አንድ የኳስ ሜዳ ያህላል ብንል፥ እምብርቱ በሜዳው መካከል የወደቀች የጤፍ ቅንጣት፥ ቢበዛ የስንዴ ፍሬ ናት። በቀረው ስፍራ ኤሌክትሮኖች ብቻ ይመላለሱበታል።

ፕሮቶንና ኒውትሮንም የመጨረሻ አልሆኑም። በ1964 መሪ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ፥ አንዱ የሌላውን ሳያይ፥ ሁለቱም ኳርክ ከሚባሉ ሌሎች ረቂቃን የተሠሩ መሆን እንደሚገባቸው በሒሳብ አሳዩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ በስታንፎርድ ኤሌክትሮኖችን በታላቅ ፍጥነት ወደ ፕሮቶን ሲወረውሩ በውስጡ ከጠንካራ ነጥቦች ጋር እየተጋጩ ሲመለሱ ተገኙ። በእኛ ሰውነትና በአካባቢያችን ባለው ቁስ ውስጥ የሚገኙት ኳርኮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ላይ ኳርክና ታች ኳርክ ይባላሉ። ላይ ኳርክ አዎንታዊ ሁለት ሦስተኛ፥ ታች ኳርክ አሉታዊ አንድ ሦስተኛ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው። ሁለት ላይና አንድ ታች ሲገናኙ ድምራቸው አንድ ሙሉ ይሆናል፤ ይህ ፕሮቶን ነው። አንድ ላይና ሁለት ታች ሲገናኙ ድምሩ ዜሮ ይሆናል፤ ይህም ኒውትሮን ነው። ስለዚህ ኒውትሮንን ወደ ፕሮቶን ለመለወጥ ከታች ኳርኮቹ አንዱ ወደ ላይ ኳርክ መለወጥ ብቻ ይበቃዋል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንፈልገዋለንና።

ሰሌዳው ላይ ከጻፍናቸው ስሞች ዐሥራ ሁለቱ በሦስት ትውልድ ይመደባሉ። በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ኳርክ፥ ታች ኳርክ፥ ኤሌክትሮንና የኤሌክትሮን ኒውትሪኖ የተባለው ይገኛሉ። ሁለተኛው ትውልድ ቻርም፥ ስትሬንጅ፥ ሙዮንና የሙዮን ኒውትሪኖ ነው። ሦስተኛውም ቶፕ፥ ቦተም፥ ታውና የታው ኒውትሪኖ ነው። እነዚህ ወንድማማች ናቸው። ሙዮን ለምሳሌ በጠባዩ ሁሉ ኤሌክትሮንን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሁለት መቶ እጥፍ ያህል መክበዱ ብቻ ነው። ከኒውትሪኖዎቹ በቀር የኋለኞቹ ትውልዶች ከባዶች ስለ ሆኑ አይበረክቱም፤ ፈርሰው ወደ መጀመሪያው ትውልድ ይመለሳሉ። ጥጡም፥ ሐይቁም፥ ተራራውም፥ አንባቢውም የቆሙት በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው። እንግዲህ የልጁ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ ይህ ሲሆን፥ በዚያን ቀን በሁለት ደቂቃ ልንነግረው በቻልን ነበር።

ሁለተኛውን መልስ ያገኘነው በመጽሐፍ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኅሊናችን አላስተኛን ስላለ ልጁን ፍለጋ ወደ ዶርዜ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ታች የሙዝና የማንጎ ሙቀት፥ ላይ የእንሰት፥ የቀርከሃና የጭጋግ አገር ነው። በዚያ ዳገት ላይ ብርዱ ከመጨመሩ ጋር ዓይን የማያየው ሌላ ነገርም ይጨምራል። ከሩቅ ጠፈር የሚመጡ ፕሮቶኖች ከምድር በላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ ሙዮኖች ይወለዳሉ፤ እነርሱም እንደ ካፊያ በላያችን ይወርዳሉ። መዳፉን የዘረጋ ሰው በየሴኮንዱ አንድ ወይም ሁለት ሙዮን በእጁ ውስጥ ያልፋል፤ ከፍ ወዳለው አገር ሲወጣም ቍጥራቸው ይበዛል። የሙዮን ዕድሜ በአማካይ ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ባልተገባው ነበር። ሆኖም ወደ ብርሃን ፍጥነት ለቀረበ መንገደኛ ጊዜ እንደሚዘገይ አልበርት አይንስታይን በ1905 የገለጠው እውነት ስለ ሆነ እስከ መዳፋችን ይደርሳል። ያ ሁለተኛ ትውልድ ያልነው ወንድም በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በጨንቻ መንገድ ላይ ያገኘናል።

ከቀርከሃ ከተሠራው ረጅም ቤት ስንደርስ ልጁ አልነበረም። አባቱ በሸማኔ ጕድጓዱ ጫፍ ተቀምጠው ጋቢ ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት እንዳላመጣና ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ሽሮ ሜዳ፥ ከአጎቱ ዘንድ ለሽመና እንደ ሄደ ነገሩን። በእኛ ምክንያት ነው ለማለት አንደፍርም፤ በእኛ ምክንያት አይደለም ለማለትም አንደፍርም። የመጣንበትን ነገር፥ የጠየቀንን ጥያቄና የሰጠነውንም መልስ ሳንደብቅ ነገርናቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙንና መወርወሪያውን አስቀምጠው እንዲህ አሉን፦

«መምህር፥ እኛ ልጅን ይህን ሥራ ስናስተምር አስቀድመን የዕቃውን ስም አንነግረውም። ክሩን እናስይዘውና በየት በኩል እንደሚያልፍ፥ ምኑን እንደሚይዝ እናሳየዋለን። ስሙን ኋላ ራሱ ይጠይቃል። ልጄ እርስዎን የጠየቀዎ እንደ ለመደው ነው።»

«አባቴ፥ ጥፋቱ የእኛ ነው» አልናቸው።

«ጥፋትስ ይሁን፤ አሁን መልሱን አገኙለት ወይ?» ብለው ጠየቁንና ሥራቸውን ቀጠሉ።

መልስ አልነበረንም፤ ቁጭ ብለን ተመለከትን። ድሩ ተወጥሮ ይቆያል፤ ማጉ በመወርወሪያው ታዝሎ ይመላለሳል። ድር ብቻውን የክር ሰልፍ ነው፤ ማግም ብቻውን ልቃቂት ነው። ጋቢ የሚሆኑት አንዱ በሌላው መካከል ሲያልፍ ነው። በዚያን ጊዜ የሰሌዳችን ስሕተት ታየን። ዐሥራ ሁለቱን የቁስ ረቂቃንና ኃይልን የሚያደርሱትን ሌሎቹን እንደ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ረድፍ ጽፈናቸው ነበር። ነገር ግን አንዶቹ እንደ ድር የቆሙ፥ ሌሎቹ ደግሞ እንደ ማግ በመካከላቸው የሚመላለሱ ናቸው። ኤሌክትሮን ከእምብርቱ ጋር የሚያያዘው በመካከላቸው ፎቶን ማለትም የብርሃን ቅንጣት ስለሚመላለስ ነው። በላያችን የምታበራው ፀሐይ ብርሃን የምትሰጠንና ጥጡ እንዳይበተን አቶሞቹን የሚያያይዘው አንዱ ይኸው ፎቶን ነው። ኳርኮችንም በፕሮቶን ውስጥ የሚያስተሳስራቸው ግሉዎን ይባላል፤ ትርጕሙም አጣባቂ ማለት ነው።

ምሳሌ ግን እስከ ተወሰነ ስፍራ ድረስ ብቻ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ሊያሳስት ይችላል። የሽማግሌውን ጋቢ ብንመዝነው የሚመዝነው በውስጡ የገቡት ክሮች የሚመዝኑትን ያህል ነው። ፕሮቶን ግን እንዲህ አይደለም። የሦስቱ ኳርኮች የየራሳቸው ክብደት ቢደመር ከፕሮቶኑ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ዘጠና ዘጠኝ እጅ ከወዴት መጣ? ኳርኮቹ በጠባብ ስፍራ ታስረው ከሚሯሯጡበትና ግሉዎኖቹ ከሚያስሩበት ኢነርጂ ነው፤ አይንስታይን እንዳሳየው ኢነርጂም ክብደት አለውና። ደግሞም ከጋቢው አንድ ክር ቢመዘዝ ክር ሆኖ ይወጣል፤ ኳርክን ግን ከፕሮቶን ለብቻው መምዘዝ አይቻልም። ሲጎትቱት ማሰሪያው እየከረረ ይሄዳል፤ በተበጠሰ ጊዜም ለመጎተት የወጣው ኢነርጂ አዲስ ኳርክና የእርሱን ተቃራኒ ይወልድና የተመዘዘው ወዲያውኑ ጓደኛ ያገኛል። ብቸኛ ኳርክ እስከ ዛሬ አልታየም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ቆም ብለህ አስበው። በሚዛን ላይ ስንወጣ የሚመዘነው ክብደታችን፥ ከጥቂቱ በቀር፥ የነገሮቹ ክብደት አይደለም፤ የመተሳሰራቸው ክብደት ነው። ልጁ «ለእርስ በርሳቸው ምናቸው ናቸው?» ባለን ጊዜ ስለ ትርፍ ነገር የጠየቀ መስሎን ነበር። የጠየቀን ግን ከመቶው ስለ ዘጠና ዘጠኙ ነበር። እኛ ስማቸውን ያስጠናነው የቀረውን አንዱን እጅ ነው።

ሒግስ የተባለውም ዝምድናው ከዚህ ላይ ይታወቃል። ኳርክና ኤሌክትሮን ያቺ ጥቂት የየራሳቸው ክብደት ያላቸው ዓለሙን ሁሉ የሞላው የሒግስ መስክ ስለሚነካቸው ነው። ጥቂት ናት ብለን እንዳንንቃት፤ ኤሌክትሮን ከቶ ክብደት ባይኖረው አቶም ባልተሠራ ነበር። ይህ አሳብ በ1964 በፒተር ሒግስ፥ በፍራንሷ ኤንግሌርና በሮበርት ብሩት ተጽፎ ቢገኝም፥ ቅንጣቲቱ መታየቷ በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሴርን የተገለጠው በጁላይ 4 ቀን 2012 ነው።

በዚያው በ2012 በጋሞ ደጋ ሌላ ነገር ተገኘ። አሜሪካውያኑ ሊቃውንት ካትሪንና ጆን አርተር የአገሩ ሽማግሌዎች እየመሩዋቸው፥ በጦርነት ጊዜ ሕዝብ ይሸሸግበት ወደ ነበረው ሞታ ወደሚባል ዋሻ ደርሰው ሲቆፍሩ የአንድ ሰው ዐፅም አገኙ። ስሙንም ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኵር ማለት ነው። ከዐፅሙ የተነበበው የዘር ጽሑፍ በ2015 ለዓለም ሲገለጥ፥ ከአፍሪካ ምድር ከጥንት ሰው የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ የዘር ጽሑፍ ሆነ። ሰውየው የኖረው ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ይህ ቍጥር ከወዴት ተገኘ? ዋሻው ውስጥ የተጻፈ ነገር አልነበረም። መልሱ ከላይ «በልባችሁ ያዙልን» ባልነው ነጥብ ውስጥ ነው።

ከጠፈር የሚወርደው ያ የጨንቻ መንገድ ጨረር በላይኛው አየር ኒውትሮኖችን ያባርራል። አንዱ ኒውትሮን ከናይትሮጅን እምብርት ጋር ሲጋጭ እርሱ ይገባና ፕሮቶን ያስወጣል፤ ናይትሮጅኑም ካርቦን 14 ወደሚባል ካርቦን ይለወጣል። ይህ ካርቦን ከአየር ወደ ቅጠል፥ ከቅጠል ወደ ከብት፥ ከሁለቱም ወደ ሰው ይገባል። ከሌላው ካርቦን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ትሪሊዮን አቶም መካከል አንድ ያህል ይገኛል። ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ የጐደለው በምግብ ይተካል፤ በሞተ ጊዜ ግን መተካቱ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ካርቦን 14 ቀስ በቀስ እየተለወጠ በ5,730 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። የትኛው አቶም በየትኛው ቀን እንደሚለወጥ ማንም ሊናገር አይችልም፤ የብዙዎቹ ጠባይ ግን እንደ ሰዓት የታመነ ነው። ዊላርድ ሊቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ይህን ዘዴ ሠርቶ በ1960 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሎበታል። ከ4,500 ዓመት በኋላ ከመቶው የሚቀረው ሃምሳ ስምንት ያህል ነው። ሊቃውንቱም ይህን ሒሳብ ዕድሜያቸው በቀለበታቸው ከሚታወቅ ጥንታውያን ዛፎች ጋር እያመሳከሩ ያርሙታል።

ካርቦን 14 የሚለወጠው እንዴት ነው? በእምብርቱ ካሉት ስምንት ኒውትሮኖች በአንደኛው ውስጥ አንድ ታች ኳርክ ወደ ላይ ኳርክ ይለወጣል። ኒውትሮኑ ፕሮቶን ሆነ ማለት ነው፤ ካርቦኑም ወደ ጥንት አባቱ ወደ ናይትሮጅን ተመለሰ ማለት ነው። ኳርኩ በሚለወጥበት ጊዜ ደብልዩ የሚባለውን ኃይል አድራሽ ይለቃል፤ ይህም ለቅጽበት ያህል እንኳ ሳይቆይ ኤሌክትሮንና ፀረ ኒውትሪኖ ሆኖ ይወጣል። ደብልዩ ከፕሮቶን ሰማንያ እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ኳርኩ እርሱን ለመላክ እጅግ ይቸግረዋል፤ ኃይሉ ደካማው ኃይል የተባለውም ስለዚህ ነው። ይህ ድካም ግን ለእኛ በጎ ሆነ። ኃይሉ ብርቱ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ በጥድፊያ ሮጦ ባለቀና ባይራ ዕድሜውን ሊነግረን ባልቻለ ነበር።

ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ወስዷል። እምብርቱ ሲለወጥ ከኢነርጂው ጥቂት የጠፋ መስሎ ስለ ታየ ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 የማይታይ ረቂቅ ይዞት ሳይሄድ አይቀርም ብሎ ገመተ። ኤንሪኮ ፌርሚ በ1934 የለውጡን ሒሳብ አዘጋጀ፤ ለረቂቁ ኒውትሪኖ፥ ማለት በጣልያንኛ ትንሹ ገለልተኛ፥ የሚለው ስም የተለመደውም በእርሱ ነው። ፍሬድሪክ ራይንስና ክላይድ ካዋን በ1956 በዕውነት መኖሩን አረጋገጡ። ደብልዩና ባልንጀራው ዜድ የተገኙት በ1983 በሴርን ነው። ባይራን መቍጠር የቻልነው የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ጥያቄ ከዋሻው አፍ ስለ ደረሰ ነው።

ይህ ለውጥ በዋሻ ብቻ የሚኖር አይምሰላችሁ። በአርባ ምንጭ መንገድ ዳር ተደርድሮ በሚሸጠው ሙዝ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከፖታሲየሙም ጥቂቱ፥ ከዐሥር ሺህ አንድ ያህሉ፥ ፖታሲየም 40 የሚባለው ነው። በአንድ ሙዝ ውስጥ በየሴኮንዱ ከዐሥር የሚበልጡ እንዲህ ያሉ አቶሞች በዚያው ደካማ ኃይል ይለወጣሉ። ጉዳት ያመጣል ብሎ የሚሰጋ አይኑር፤ በሰውነታችን ያለው ፖታሲየምም ከዚህ በበለጠ መጠን ሲያደርገው የኖረ ነው። ከፖታሲየም 40 አንዳንዱ አርጎን ወደሚባል አየር ስለሚለወጥ፥ በስምጥ ሸለቋችን የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የተከማቸው አርጎን እየተለካ የድንቅነሽና የኮንሶ ጥንታውያን መሣሪያዎች ዕድሜ ታውቋል። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፥ የኮንሶ የድንጋይ መጥረቢያዎች 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያህል ናቸው። በካርቦን የሚሠራው ሰዓት ለሺዎች፥ በፖታሲየም የሚሠራው ለሚሊዮኖች ነው፤ ሁለቱንም የሚያስኬዳቸው ግን ኳርክን የሚለውጠው ያው ደካማ ኃይል ነው።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም ብለነዋል። አገራችን እንደ ሴርን ያለ መሣሪያ የላትም፤ ይህ ደግሞ የሌሎች ጨዋታ ነው ብለን ተማሪውን በሩቅ አስቁመነዋል። ነገር ግን የሌሎች የመሰለን ዕውቀት በጋሞ ደጋ ዋሻ ገብቶ የገዛ በኵራችንን ዕድሜ ነገረን። ዕውቀቱን ከውጭ ሰው መስማትና ራስ መርምሮ መናገር አንድ አይደለም። የሚመረምረው ሰው የሚወጣው «ምናቸው ናቸው?» ብሎ ከሚጠይቅ ልጅ ነው፤ ያን ልጅ ከኋለኛው ወንበር አስቀምጠነው ከሄድን መሣሪያው ቢገዛም የሚሠራበት አይገኝም። አስተማሪዎች ሆይ፥ ስም ማስጠናቱን ትተን ዝምድናውን እናስተምር፤ ስሙ ይከተላል። የትምህርት ሹማምንትም ለስም የምትሰጡትን የፈተና ዋጋ ለጥያቄም አካፍሉት።

ከዶርዜ እንደ ተመለስን ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፈን፥ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ይቅርታ ጠይቀን፥ በአባቱ እጅ ወደ ሽሮ ሜዳ ላክንለት። ድሩንና ማጉንም፥ ምሳሌው የት ላይ እንደሚበጠስም ጻፍንለት። ለሁለት ወር ያህል ምንም አልሰማንም። ከዚያ በኋላ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የተጻፈ መልስ መጣልን። ስለ ጤናችን ጠይቆ፥ ፈተናውን ደግሞ ለመውሰድ እየተዘጋጀ መሆኑን ገልጦ፥ በግርጌው እንዲህ ይላል፦ «መምህር፥ ከላኩልኝ ውስጥ የመሬት ስበት አላገኘሁም። ድንጋይ የሚጥለው ኃይል ለእነዚህ ለዐሥራ ሰባቱ ምናቸው ነው?»

ደብዳቤውን ይዘን ብዙ ቆየን። ልጁ በአንድ ንባብ የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት ከቆሙበት ግድግዳ ደርሷል። ስበት ከዐሥራ ሰባቱ ጋር በአንድ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተጻፈም፤ አድራሽ ረቂቅ ይኖረው እንደ ሆነም የታየ ነገር የለም። በዚያን ቀን በክፍል ውስጥ በቍጣ የሸፈንነውን ቃል በዚህ ጊዜ በእጃችን ጽፈን ላክንለት፦ «አናውቅም፤ እስካሁን ማንም አያውቅም። ጥያቄህን አትተው።»